ስቴሽነሪ በኢ ነው የሚጻፈው

ማስታወቂያ ጸሐፊው ከመሰላሉ ወርዶ ብሩሹን ሲያጥብ፣ የሱቁ ባለቤት ከመንገዱ ማዶ ቆማ አዲሱን ታፔላ ቀና ብላ ታነባለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ደብተርና እስክርቢቶ እየሸጠች ቤቱን የያዘችው እሷ ናት።

«ወንድሜ፣ ተሳስተሃል» አለችው። «የእንግሊዝኛውን ስቴሽነሪ በኤ (A) ጽፈኸዋል። የኛ በኢ (E) ነው።»

«ሲነበብ እኮ አንድ ነው።»

«ሲነበብ አዎ። በኢ ሲጻፍ የጽሕፈት መሣሪያ ነው። በኤ ሲጻፍ ግን ካለበት የማይንቀሳቀስ ማለት ነው።»

ታፔላውን አየ፤ እሷን አየ። «ታዲያ ሱቅሽ ይንቀሳቀሳል እንዴ?»

ሳቋ አመለጣት። እሱም እየሳቀ ተመልሶ መሰላሉ ላይ ወጣ። አንዲት ፊደል ለማስተካከል ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀ።

ከዚያ በኋላ እርሳስ አለቀብኝ እያለ ይመላለስ ጀመር። እናቷ ከጓዳ ሆነው «ይሄ ልጅ እርሳስ ይበላል እንዴ?» ይላሉ። ግማሽ ጎናቸው ከደነዘዘ ወዲህ ደግፋ የምታነሳቸው እሷ ብቻ ናት።

በዓመቱ ሌላ ከተማ ያለ ትልቅ የማስታወቂያ ድርጅት ሥራ ሰጠው።

«አብረን እንሂድ» አላት።

«እናቴንስ?»

ዝም አለ። ዝምታውን እንደ መልስ ቆጠረችው። «በቃ፣ አንተ ሂድ።»

ከፋው። «ለካ አንቺ በኤ የምትጻፊው ነሽ» አላት፤ ወጥቶም ሄደ።

ቃሉ ውስጧ ቀረ። ደንበኛ ሲያናግራት እንኳ ዓይኗ በር በሩን ያያል። አንድ ቀን ጠዋት ፀጉራቸውን ስታበጥርላቸው እናቷ «ምን ብሎሽ ነው?» አሏት። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«እኔ አልሄድም ማለቴን ማን ነገረሽ?»

ማበጠሪያው እጇ ላይ ቀረ።

«የደነዘዘው ጎኔ እንጂ ምላሴ አይደለም። ብትጠይቂኝ እመልስልሽ ነበር። ለእኔ ብለሽ ነው የቀረሽው ወይስ ፈርተሽ?»

ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ስልኳን አነሳችና ደወለችለት። «ሄሎ» ሲል ማልቀስ ጀመረች። እናቷ ደህናውን እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሏት።

«ልጄ፣ የተከራየኸው ቤት ደረጃ አለው?»



«የለውም፣ እማማ። ከመጣሁ ጀምሮ ደረጃ የሌለው ቤት ስፈልግ ከርሜ ትናንት ነው ያገኘሁት። በሩም ሰፊ ነው፤ ተሽከርካሪ ወንበር ያስገባል። እሷን ግን በየት በኩል ልንገራት? አፍሬ ነው።»

እናቷ ስልኩን መለሱላት።

«እንኪ፣ አታልቅሺ» አሏት። «መቼ እንምጣ ብለሽ ጠይቂው።»