ወንድም ጋሼ ያላላቸው ቃላት

«ሚ» የሚለውን ካርድ ከፍ አድርጋ አሳየችው።

ወንድም ጋሼ ካርዱን አየ፤ ጣሪያውን አየ። «ሚጣ!» አለ እየሳቀ።

ሚጣ እሷ ናት። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት እንኳ ይህ የሕፃን ስም አልለቃትም። ጠዋት ያነበበው ቃል ግን «ሚዛን» ነበር። ደብተሩን ወደ ደረቷ አስጠግታ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሚዛን» ብላ ጻፈች።

ወንድሟ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር፤ የተሳሳተች ፊደል ከዓይኑ አታመልጥም። የሚጥል በሽታው ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ኖሯል። ዓምና ግን አንድ ቀን ያዘውና አልለቅ አለው። ሲነቃ እናቱንም ሚጣንም አወቃቸው። የሚያነበው ቃል ግን አእምሮው ውስጥ አልረጋለት አለ።

«ሰው አንድ ቃል ማንበቡን ጭራሽ ቢረሳው እንኳ፣ በኋላ የመጀመሪያውን ፊደል ሲያይ ቃሉ ሳይጠራ ከአፉ ይወጣል» ብላ ነበር ሐኪሟ። «አእምሮ ሳያውቀው የሚያስቀምጠው ነገር አለ። የወንድምሽ አእምሮ ይህን ማስቀመጥ ይችል እንደሆነ እንይ።» ጠዋት አሥር ቃላት ያነባል፤ ከምሳ በኋላ ሚጣ ፊደሎቹን ታሳየውና መጀመሪያ የመጣለትን ትጽፋለች።

በመጀመሪያው ቀን የመጡለት ሁለት ብቻ ነበሩ። እናቷ በር ላይ ቆማ «ስንት አገኘ?» ስትል ዓይኗ አሳዘናት፤ «ሰባት» አለቻት። ደብተሩንም እንደዚያው ሞላችው፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻው ጠፋ። እናቷ ማንጎራጎር ጀመረች። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊም «የሐኪም ወረቀት ይዞ ይምጣ፣ ወንበሩ እየጠበቀው ነው» ብለው ላኩ። ሐኪሟ ደብተሩን አይታ የምትወስንበት ቀጠሮ ነገ ነው።

«እስቲ ደብተሩን አምጪው» አለ ወንድም ጋሼ። ያለፉትን ቀናት ገጾች አንድ በአንድ ገለጠ። «ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ ያልኩት?»

«አዎ።»

«ይገርማል፣ አንዱም ትዝ አይለኝም። ግን አንቺ ከጻፍሽው ብያለሁ ማለት ነው። በራሴ ባላምን በሚጣ አምናለሁ።»

ሚጣ አንገቷን ደፋች። ነገ ወረቀቱን አግኝቶ ወደ ሥራው ቢመለስ፣ በሳምንቱ ስህተት በሺህ ቅጂ ታትሞ ይወጣል፤ የሚዋረደው ደግሞ እሱ ነው። ያውም ለምን እንደሆነ ሳይገባው።

«ወንድም ጋሼ፣ የተሳሳተ ነገር በላጲስ ነው የሚጠፋው?»

«ላጲስማ ነውር ነው!» አራሚነቱ ድንገት ተመለሰበት። «አይፋቅም። የድሮው እንዲነበብ በቀጭኑ ትሰርዢና ትክክለኛውን ከላዩ በቀይ ትጽፊያለሽ። ከዚያ ዳር ላይ ትፈርሚያለሽ፤ ማን እንዳረመው እንዲታወቅ።»

እውነተኞቹን መልሶች ሚጣ በየካርዱ ጀርባ በእርሳስ በትንንሹ ጽፋቸዋለች። ካርዶቹን ለመጣል አንድም ቀን አልደፈረችም። ከኩሽና የእናቷ እንጉርጉሮ ይሰማል። ሚጣ ትንሽ ሰማችው፤ ደስ ይላል፤ ነገ ላይኖር ይችላል።

ከወንድሟ ኪስ ቀዩን እስክሪብቶ መዘዘች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ አንድ በአንድ አረመች። የዛሬው ላይ ስትደርስ «ሚዛን»ን በቀጭኑ ሰረዘችና ከላዩ ላይ ወንድሟ እንዳለው «ሚጣ» ብላ ጻፈች።

ዳር ላይ ፈረመች። ደብተሩን ይዛ ወደ ኩሽና ገባች።