ጥያቄውን ድገሚልኝ

መረጃ ሰብሳቢ ከሁሉ በፊት የሚማረው ፊቱን መያዝ ነው። መላሹ የሚያስቅ ነገር ቢናገር አይስቅም፤ የሚያናድድ ቢናገርም አይኮሳተርም። «ግድግዳ ሁኑ» ትላቸው ነበር ሱፐርቫይዘሯ። «አንዴ ራሳችሁን ከነቀነቃችሁ መልሱ የሰውዬው መሆኑ ቀረ፤ የእናንተ ሆነ።»

መረጃ ሰብሳቢዋ ሦስት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሆናለች። ታብሌቷን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሰው ስለ ስልክ፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ አውቶቡስ ሰልፍ ምን እንደሚያስብ ቤት ለቤት እየዞረች ትጠይቃለች። ለሁሉም ጥያቄ አምስት መልስ አለ፤ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጭራሽ አልስማማም»። ሥራው ቤቷ ድረስ ተከትሏት ገብቶ ነበር። ታላቅ እህቷ «ፓስታ ልሥራ ወይስ ሩዝ?» ስትላት «ሁለቱም ያው ነው» ትላለች።

«ይኸው፣ መሃል ላይ ናት!» ትላለች እህቷ። «አንቺ ልጅ፣ ባል ሲመጣም መሃል ላይ ነኝ ልትይ ነው?»

የምትኮራበት አንድ ነገር ግን ነበራት። አንዳንዶቹ ባልደረቦቿ ካፌ ተቀምጠው መጠይቁን ከራሳቸው እንደሚሞሉ ታውቃለች። እሷ ሰው ያልተናገረውን አንዲት መልስ እንኳ ሞልታ አታውቅም።

የአሳንሰር ጠጋኙ የደረሳት በዕጣ ነው፤ በዓመት ሦስት ጊዜ ከሚጠየቁት ቤተሰቦች አንዱ። አምስተኛ ፎቅ። የሕንፃው አሳንሰር በር ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱም አርጅቶ ጠርዙ ተጠቅልሏል። ትንፋሿ እየተቆራረጠ አንኳኳች። እጁን በፎጣ የሚያደርቅ ወጣት ከፈተላት።

ሥራውን ስትጠይቀው «አሳንሰር ጠጋኝ ነኝ» አላት።

ሳታስበው ወደ ደረጃው ዞር አለች።

«አውቃለሁ» አለ። «ሳቂ፣ ግድ የለም። ሁሉም ይስቃል።»

«አልሳቅኩም።»

«እሱ ነው የገረመኝ።»

«የሕንፃው ኮሚቴ ነው እኮ እምቢ ያለው!» አሉ እናቱ ከውስጥ። «በነጻ ልሥራላችሁ ቢላቸው፣ ስብሰባ ጠርተን እንወስን አሉት። ይኸው ሁለት ዓመት ይሰበሰባሉ። ግቢ ልጄ፣ ደረጃው ገድሎሻል።»

ገባች። የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበች።

«‹ቴክኖሎጂ ሰዎችን ይበልጥ አቀራርቧል።› በዚህ አባባል በጣም ይስማማሉ፣ ይስማማሉ፣ መሃል ላይ ነዎት፣ አይስማሙም ወይስ በጭራሽ አይስማሙም?»

«እዚህ ቤት እርስዎ የምትባለው እናቴ ብቻ ናት።»

«ሕጉ ነው።»

«እሺ። ጥያቄውን ድገሚልኝ።»

ደገመች። ይሄም ሕግ ነው፤ መላሽ ድገሚ ካለ፣ ቃል ሳይጎድል፣ በዚያው ድምፅ ይደገማል።

«እናቴና አክስቴ» አለ፣ «ድሮ በወር አንዴ ይጻጻፉ ነበር። የጎረቤት ጠብ ሳይቀር ይጽፉ ነበር። ዛሬ በየቀኑ በቪዲዮ ይገናኛሉ፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ወሬያቸው ‹ይሰማሻል? እታይሻለሁ?› ነው።»

«እሷ ናት ካሜራውን ጣሪያ ላይ የምታዞረው!» አሉ እናቱ።

«ስለዚህ አይስማሙም?» አለች፣ ጣቷን አዘጋጅታ።

«ቆይ እንጂ። የአክስቴ ጣሪያ ውሃ እንደሚያስገባ ከእሷ በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። በዚያው በቪዲዮ። ይሄስ መቀራረብ አይደለም?»

ጣቷ ታብሌቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ከአምስቱ አንዱም ለዚህ አይሆንም።

«‹የእኔ ድምፅ በአገር ጉዳይ ላይ ለውጥ ያመጣል›» ስትለውም አስደገማት። ከዚያ ረጋ ብሎ ተናገረ። አሳንሰር ውስጥ በር መዝጊያ የሚባል ቁልፍ አለ። በአንዳንዱ ሕንፃ ሽቦው ተያይዟል፤ በአንዳንዱ ቁልፉ ብቻ ነው፣ ከኋላው ምንም የለም። ሰው ከውጭ አይቶ መለየት አይችልም።

«እና?»

«እና እጫናለሁ። እኔ ከኋላው ያለውን የማውቀው ሰውዬ እንኳ እጫናለሁ። ‹እጫናለሁ› ብለሽ ጻፊ።»

ማንም በማያነበው የማስታወሻ ሣጥን ውስጥ «ይጫናል» ብላ ጻፈች።

«አንቺስ?» አላት።

«አስተያየት መስጠት አይፈቀድልኝም።»

«ቤትሽስ ስትገቢ?»

ፊቷን ያዘች። መልስ ሊታይባት ስለማይገባ ነው ብላ ራሷን አሳመነች፤ እውነቱ ግን የሚታይ መልስ አልነበራትም። በደረጃው ስትወርድ ያ ጥያቄ አብሯት ወረደ።

በአራተኛው ወር ለሁለተኛው ዙር ስትመለስ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ አንድ በርጩማ ተቀምጦ አገኘች። አረፈችበትና ወጣች።

«ተቀመጥሽበት?» አሉ እናቱ፣ ገና ሳትገባ። «ባለፈው ትንፋሿ የተቆረጠው ሦስተኛው ላይ ነው፣ ኮቴዋ ቆሞ ሰምቻለሁ ብሎ ነው ያስቀመጠልሽ። የዛሬው ሦስተኛው በርጩማ ነው፤ ሁለቱን ወስደውበታል።»

«እማዬ!»

«ምን አልኩ? ሻይ ልጥዳ።»

የዚያን ቀን ጥያቄውን ሁሉ ሁለት ጊዜ አስደገማት። እሷ ስታነብ እሱ ወለሉን ያያል፤ እሱ ሲመልስ እሷ ታብሌቱን ታያለች። አንዴ ብቻ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቀና አሉ፤ ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት የሚጠይቀው ጥያቄ ሳይመለስ ብዙ ቆየ። ስልሳ ጥያቄ፣ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ስትጨርስ የመጨረሻውን፣ ለራሷ የቀረበውን ጥያቄ አየች፤ «ከመላሹ ጋር ይተዋወቃሉ?» «አይ» የሚለውን ነካች። ጣቷ ከወትሮው ዘገየ።

በሳምንቱ ሱፐርቫይዘሯ ጠራቻት። ከአሥር መላሽ ለአንዱ እየተደወለ ይጣራል፤ የተደወለው ለእሱ ነበር።

«ታብሌትሽ አንድ ሰዓት ከአሥር ይላል። ሰውየው ደግሞ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የቆየችው አለ። በአሥራ አምስት ደቂቃ ስልሳ ጥያቄ አይጠየቅም። የቀረውን ማን ሞላው?»

«እሱ ነው የመለሰው። ሁሉንም።»

«ታዲያ ለምን ይዋሻል? አንቺን ምን ላድርግ ብሎ?»

የሁለት መቶ ቤት መጠይቋ ሁሉ እንደገና ሊጣራ፣ እስከዚያ መስክ ላትወጣ፣ መላሹን ደግሞ በምንም መንገድ ላታነጋግር ተወሰነ። ማጣራቱ ካላዳናት ትባረራለች፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም የጥናት ቢሮ አይቀጥራትም። ከኋለኛው ጠረጴዛ ተቀምጣ የስልክ ቁጥሮች ታስተካክል ጀመር። ግን ከሥራዋ ይልቅ ያቃጠላት ሌላ ነበር። ያን ሰዓት ደቂቃ በደቂቃ ታስታውሰዋለች፤ ሻዩ ሲፈላ፣ ፎጣው ወንበር ላይ፣ ወለሉን ሲያይ። ለእሱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር ማለት ነው።

ማጣራቱ ሳያልቅ ሦስተኛው ዙር ደረሰ። አምስተኛው ፎቅ ለሌላ መረጃ ሰብሳቢ ተሰጠ። በማግሥቱ ጠዋት የቢሮው የመስታወት በር ተከፈተና አሳንሰር ጠጋኙ፣ ግራሶ የነካው የሥራ ቱታውን እንደለበሰ፣ ገባ። እሷን አላያትም። ቀጥ ብሎ ወደ ሱፐርቫይዘሯ ሄደ።

«አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው የቆየችው» አለ፣ ሰላም እንኳ ሳይል። «መታገዷን የነገረኝ ትናንት የላካችሁት ልጅ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን ይዋሻሉ ወንድሜ?»

«የደወለችልኝ ሴትዮ ቁጣ ቁጣ ትላለች። ‹ምን ያህል ቆየች?› ስትለኝ፣ ብዙ ቆየች ብል ሥራዋን ትታ ሻይ ስትጠጣ ዋለች የምትሉባት መሰለኝ። ቀነስኩላት።»

«ቀነሱላት?»

«ልጠቅማት ብዬ ነው።»

ከኋለኛው ጠረጴዛ የነበረችው እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«መጠይቁ አርባ ደቂቃ ነው» አለች ሱፐርቫይዘሯ። «አንድ ሰዓት ከአሥር ምን ስትሠሩ ነበር?»

«ጥያቄ ሳስደግም ነበር።»

«ጆሮዎ ላይ ችግር አለ?»

«እኔ?» አለ። «ከአምስት ፎቅ በታች የላላ ብሎን በድምፁ የምለይ ሰው ነኝ።»

ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ያያት። ጆሮው ድረስ ቀላ።

ሱፐርቫይዘሯ መነጽሯን አወለቀች፤ አንዱን አየች፣ ሌላዋን አየች፣ በመጨረሻ ታብሌቱን ወደ ኋለኛው ጠረጴዛ ይዛ ሄደች። «የመጠይቅሽ ጉዳይ አለቀ። አንድ ጥያቄ ግን ይቀርሻል። አይ ካልሽ ሦስተኛውን ዙር አንቺው ትጠይቂዋለሽ። አዎ ካልሽ ከጥናቱ ይወጣል፤ ከእንግዲህ በመታወቂያሽ በሩን አታንኳኪም። ትተዋወቃላችሁ?»

«አይ» ብትል ሌላ አንድ ሰዓት ታገኛለች፤ ሕጋዊ፣ ስልሳ ጥያቄ ያለው። እሱ ከወዲያ ትንፋሹን ይዞ ቆሟል። ባለፈው «አይ» ስትል ጣቷ ዘግይቶ ነበር፤ ዛሬ ግን ያልሆነውን አትሞላም።

«አዎ» አለች። ፊቷን አልያዘችውም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ያለ ታብሌት፣ ያለ መታወቂያ፣ ደረጃውን ወጣች። ኮሚቴው ገና እየተሰበሰበ ነው። በርጩማው ሦስተኛው ፎቅ ላይ አለ። ዛሬ አልደከማትም፤ ቢሆንም ተቀመጠችበት፣ ለእሷ የተቀመጠ ነውና።

በሩን እሱ ከፈተ። ባዶ እጇን አየ።

«ታዲያ በምን ልትጠይቂኝ ነው?»

«አልጠይቅህም። አንተ ጠይቀኝ።»

ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ እንደ እሷ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«‹ቴክኖሎጂ ሰዎችን ይበልጥ አቀራርቧል።› በዚህ አባባል በጣም ትስማሚያለሽ፣ ትስማሚያለሽ፣ መሃል ላይ ነሽ፣ አትስማሚም ወይስ በጭራሽ አትስማሚም?»

አንድ ቃል አላጎደለም። እሷም መልሱን ደረጃው ላይ ስታዘጋጀው ነው የመጣችው፤ ረጅም ነው፣ ከአምስቱ በአንዱም አይገባም። አየችው። ከእንግዲህ ጊዜ ነበራት።

«ጥያቄውን ድገምልኝ» አለች።

«ሰምታሃለች እኮ!» አሉ እናቱ ከኩሽና።

እሱ ግን ደገመላት።