ለእህቴ ያልነገርኳት ሰፈር

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር «ሂዱ ወዲያ፣ ሥራ ፈቶች!» ብዬ የምነሳ ሰው ነኝ፣ የጴንጤ ልጅ ነኝ፣ መንፈስ የሚባል ነገር ቢኖር እንኳ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል እያልኩ ነው ያደግኩት፣ ሆሳዕና ከተማ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ፣ አፌም እጄም ፈጣን ነው። ስለዚህ ይሄን ጥላዋን የምትፈራ ሴት ወሬ አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ አደራ፣ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ታናሽ እህቴ ታደለች ባል ነበራት፣ ደሳለኝ ይባላል፣ ሰው ፊት ሲያዩት በግ ነው፣ ቤቱ ሲገባ ግን ጌታ ያሳያችሁ። ለዱላው ሥርዓት ነበረው፣ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ መጀመሪያ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ቀጥሎ ቀበቶውን ከሱሪው ይመዛል፣ ከዚያ ይጀምራል። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ አስታረቃቸው፣ ከሦስተኛው እርቅ በኋላ ሁለት ጥርሷን አወለቀላት። እኔ ያኔ አዲስ አበባ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለ ሆቴል፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ አግኝቼ ልሄድ ስዘጋጅ ነበርና «ተነሺ፣ አብረን ነው የምንሄደው» አልኳት፣ የት እንደምንገባ ለእናታችን እንኳ ሳልናገር ይዣት መጣሁ።

ሌላው ሰው ሰፈር ሲመርጥ ለሥራ ይቅረበኝ፣ ውሃ አይጥፋ፣ ታክሲ ይኑር ይላል፣ እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሰው ሰውን የማያውቅበት ቦታ። ቦሌ ያየናቸው ሰርቪስ ቤቶች አከራዮቻቸው «ከየት ናችሁ? እሷ ባል የላትም? ዘመድ ማን አላችሁ?» እያሉ ልቤን አደረቁት፣ ሁለቱን ጥዬ ወጣሁ። መጨረሻ ላይ ደላላው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ወሰደን፣ ከጎናችን ያለው ቤት ባለቤቱ ገና ያልገባበት ባዶ ነው፣ «እህት፣ እዚህ ሞተሽ ብትሸቺ እንኳ ማን እንደሆንሽ የሚያውቅ የለም» አለኝ፣ እሱ ለቀልድ ነው፣ እኔ ግን «በቃ፣ ይሄን ነው የምፈልገው!» አልኩት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን ተረት እያወቅኩ እኮ ነው! ሞኝነቴ።

በገባን በወሩ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ዝናብ እየጣለ፣ መብራት ጠፍቶ፣ እኔ አልጋው ላይ ልብስ አጥፋለሁ፣ ታደለች እግሬ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ከጎናችን ካለው ባዶ ቤት ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ፣ ባለቤቱ መጣ ብዬ ማጠፌን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር እንጨት ላይ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ሰማን፣ ቀጭ፣ እንደ ብረት ያለ። እህቴ ምስሩን መልቀም አቆመች። ከዚያ ቆዳ ከጨርቅ ሲመዘዝ የሚያፏጨው ድምፅ መጣ፣ ረዘም ያለ።

«ቀበቶው ነው» አለችኝ።

«ዝም በይ፣ አታሟርቺ!» ብዬ ተቆጣኋት፣ አፌ ሳይዘጋ ጥፊው ጮኸ፣ እመኑኝ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ካላንደር ተንቀጠቀጠ፣ ወዲያው ደግሞ ዱላው፣ የቀበቶ ዘለበት ሥጋ ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚጮህ ሰምታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፣ ካልሰማችሁም አያሰማችሁ። ቀጥሎ ሴትየዋ ጮኸች። ድምፁ የታደለች ነበር። «እትዬ ድረሽልኝ!» ይላል፣ እኔን እትዬ የሚለኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው፣ እሷ ደግሞ እግሬ ሥር ተቀምጣ፣ አፏ ግጥም ብሎ፣ ታየኛለች።

እኛ አገር ኡኡታ ከተሰማ ድስቱ ቢያርር ይረር ተብሎ ይወጣል፣ ወንዱ ዱላውን፣ ሴቷ ያገኘችውን ይዛ፣ ሳይወጣ የቀረ ሰው በኋላ ለቅሶ ቤት እንኳ በደህና ዓይን አይታይም። እኔም ደረጃው ላይ ወጥቼ «ኡኡ! የሰው ያለህ! ሰው ሊገድል ነው!» አልኩ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ከላይም ከታችም መቀርቀሪያ ከውስጥ ሲቆለፍ ሰማሁ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ እስከ ምድር ቤት ድረስ። አንድ በር ትንሽ ገርበብ ብሎ አንድ ዓይን አየኝና መልሶ ተዘጋ። ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም።

ዘነዘናዬን ከወጥ ቤት አንስቼ የዚያን ባዶ ቤት በር ቀጠቀጥኩት፣ ቁልፉ ቆርቆሮ ነገር ነው፣ በአራተኛው ተገነጠለ። ገባሁ። ሊሾ ያልተደረገ ወለል፣ መስታወት የሌለው መስኮት፣ ዝናቡ ውስጥ ድረስ ገብቷል፣ ሰው የለም፣ ጠረጴዛ የለም፣ አቧራው ላይ ከኔ በስተቀር የማንም ዱካ የለም። ዱላው ግን አላቆመም፣ ጆሮዬ ሥር ነው፣ የሚማታው ሰው ትንፋሽ አንገቴን ይነካኛል። «በኢየሱስ ስም!» ብዬ ዘነዘናውን ባለኝ ኃይል ባዶው ላይ አሳረፍኩት። አረፈ። በቃ አረፈ፣ ግድግዳ አይደለም፣ አየርም አይደለም፣ የበሬ ቅልጥም ስትሰብሩ እጃችሁ ድረስ የሚመጣው ነገር እጄ ድረስ መጣ፣ አንድ ወንድ «ወይኔ እጄን!» አለ፣ ዱላውም ቆመ።

ሮጬ ተመለስኩ። ታደለች ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም፣ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሙ ምስሩ ላይ ይንጠባጠባል፣ ጉንጯ ላይ አምስቱም ጣት ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። አቅፌያት አለቀስኩ፣ ሌላ ምን ላድርግ?

ሰኞ ጠዋት ወንድማችን ከሆሳዕና ደወለ። ደሳለኝ እሁድ ምሳ በልቶ ጋደም ባለበት እየጮኸ ተነሳ፣ ቀኝ እጁ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ ሳሎን ውስጥ ስድስት ሰው ተቀምጦ ነበር፣ ማንም አልነካውም አለኝ። ደግሞም «አንድ ነገር በላቸው ብሎኛል፣ ምን ማለቱ እንደሆነ አላውቅም፣ ደረጃው አድካሚ ነው በላቸው አለኝ» አለኝ። አራተኛ ፎቅ መግባታችንን እኮ ለወንድማችን እንኳ አልነገርኩም።

በዚያው ሳምንት ሌላ ቤት ፈለግኩ፣ አሁን ተገልብጬ ሰው የሞላበት ግቢ ነበር የምፈልገው፣ አገኘሁም። ለታደለች የት እንደሆነ ልነግራት ስል አፌን በእጇ ከደነችው።

«እትዬ፣ እንዳትነግሪኝ» አለችኝ። «ስተኛ እየመጣ የሚጠይቀኝ ይመስለኛል። እኔ ደግሞ ሲመታኝ እናገራለሁ።»

የሄድን ቀን ሻርፗን ዓይኗ ላይ አስራ ታክሲ ውስጥ ገባች፣ ረዳቱ «ዓይነ ስውር ናት?» ሲለኝ «አዎ» አልኩ፣ የሚጮኸውን የሰፈር ስም እንዳትሰማ ጆሮዋን በሁለት እጄ ይዤላት ሄድኩ፣ ሰው ሁሉ ያየናል፣ ይይ! ቤታችን ከግቢው ጀርባ ነው፣ ከበር አትወጣም፣ ለጎረቤቶቹ «ታማለች፣ ስለ ሰፈሩ አታውሯት» ብያለሁ፣ እንደ እብድ ቆጥረውኛል፣ ይቁጠሩኝ። ሁለት ወር በሰላም ኖርን፣ ፊቷም መለስ አለ፣ መዝሙር ማንጎራጎር ሁሉ ጀምራ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ለሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር ከእንቅልፏ ተነሳችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ጉንጯን በእጇ ይዛለች።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ጉርድ ሾላ ማለት ምንድን ነው?»

የሰፈራችንን ስም ሰው አፉ አምልጦት ነግሯት ነው ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም ግቢውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቅኩ፣ ሁሉም ማሉልኝ። እሷን ማን ነገረሽ አላልኳትም፣ እጇን ከጉንጯ ላይ እንድታነሳም አልጠየቅኳትም። ሥራዬን ትቼ ቤት ፍለጋ ላይ ነኝ።