የሙሽራዋ ቮልስ

በ1997 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ የደብረ ማርቆስ ጭቃ መጠንከር ሲጀምር፣ ዘሪቱ ፈንታ አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን እንድታይ ተጠራች። መኪናዋ ከአባቷ ጋራዥ አሥር ደቂቃ በማያስኬድ ግቢ ውስጥ፣ ከኮክ ዛፍ ሥር ቆማለች። ጎማዎቿ ተንፍሰው እስከ ግማሻቸው አፈር ውስጥ ገብተዋል። በሮቿን ዝገት ቦርቡሯቸዋል። ከኋላ ወንበሯ ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች።

«እንዴት አየሻት?» አለ የጠራት ሰው። ቀጠን ያለ፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ መምህር ነው። አካለ ወልድ ይባላል፤ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል።

ዘሪቱ የመኪናዋን በር ከፈተች። ተንበርክካ ወለሉን በመዶሻ ነካ ነካ አደረገችው። በሦስተኛው ምት መዶሻው ወለሉን በስቶ ወደ ታች ወረደ።

«መምህር፣ ይህቺን መኪና ደግፎ ያቆማት ዝገቷ ነው» አለች። «ዝገቱን ባነሳላት ምን እንደሚተርፍ እግዜር ነው የሚያውቀው።»

«እግዜርማ ያውቃል። እኔ አንቺም እንድታውቂ ብዬ ነው የጠራሁሽ።»

ሳትፈልግ ሳቀች። ከደንበኛ ጋር መሳቅ ልማዷ አልነበረም።

ዘሪቱ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ባትላሜራነትን የተማረችው ከአባቷ ከአቶ ፈንታ ሲሆን፣ እሳቸው ወገባቸውን ከታመሙ ወዲህ የተጨራመተ ላሜራ የምታቃናውም፣ የተቀደደ የምትበይደውም እሷ ናት። የከተማው ሰው መጀመሪያ ስቆባት ነበር። ኋላ ላይ ሥራዋን አይቶ መኪናውን ያመጣላት ጀመር። ሽማግሌ ግን ማንም ወደ ፈንታ ቤት አልላከም። ይህን ለማንም አውርታው አታውቅም።

መኪናዋ የአካለ ወልድ አክስት የእትዬ ወለተ ኪዳን ባል የነበሩት የአቶ አማረ ናት። አካለ ወልድ በልጅነቱ ከገጠር የመጣው ቅኔ ሊማር ነበር። ቤት የሰጡትም፣ ኋላም ዘመናዊ ትምህርት ቤት ያስገቡት አቶ አማረ ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው መሪ ያስጨብጡት ነበር። እሳቸው ካረፉ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነ። መኪናዋም ከዚያ ወዲህ አልተነሳችም።

ወደ ጋራዥ ትጎተት ቢባል ለሁለት ትበጠሳለች። ስለዚህ ሥራው እዚያው ግቢ ውስጥ እንዲሆን ተስማሙ። ዘሪቱ የብየዳ ዕቃዋን በጋሪ አስጭና መጣች።

በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትደርሳለች። አካለ ወልድም የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ፣ አሮጌ ሱሪ ለብሶ፣ የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ይጠብቃታል። እሷ ዝገት የበላውን ቆርጣ ትጥላለች፤ እሱ የተረፈውን ይፈገፍጋል። እትዬ ወለተ ኪዳን በረንዳቸው ላይ ጥጥ እየፈተሉ ሁለቱንም ያያሉ።

አንድ ቀን ከባድ ላሜራ ይዞላት ስትበይድ እጁ ተንቀጠቀጠ።

«ያዝ! አትንቀሳቀስ! አጥብቀህ ያዝ!» ብላ ጮኸችበት።

ብየዳው እንዳለቀ መነጽሯን ገልጣ ደነገጠች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር። አንተ አልኩዎት።»

«እንደዚያው ይሁን» አለ ጣቱን እያሻሸ። «እርስዎ ስትይኝ ያረጀሁ ይመስለኛል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ሆነ።

ወሬያቸው ማለቂያ አልነበረውም። «ምን ዓይነት ቀለም ትፈልጋለህ?» ብላ ስትጠይቀው፣ «ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት ቀለም ቆጥሬ አንድ ቀለም መምረጥ አቃተኝ» ይላታል። እሷም «እንግዲያ ገንዘቡ በከንቱ ነው የወጣብህ» ትለዋለች። አንድ ጊዜ የዝገት ፍርፋሪ ዓይኗ ውስጥ ገባባት። አካለ ወልድ የነጠላውን ጫፍ አሹሎ፣ ሽፋሽፍቷን በሌባ ጣቱ ቀስ አድርጎ ከፍቶ አወጣላት። ፍርፋሪው ከወጣ በኋላም ሁለቱም ንቅንቅ አላሉም። እስትንፋሱ ጉንጯ ላይ ይሰማታል።

እትዬ ወለተ ኪዳን ከበረንዳው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

የኅዳር ጽዮን ሰሞን አካለ ወልድ ፈተና እያረመ ትምህርት ቤት ቆየ። ዘሪቱ ብቻዋን ስትሠራ እትዬ ወለተ ኪዳን ጠሯት። ውሃ ሰጧትና እስክትጠጣ ጠበቁ።

«ለጥር ትደርሳለች?» አሉ።

«ትደርሳለች እትዬ። ምነው ለጥር?»

«ሙሽራ እናመጣባታለንና! አምበር ከተማ ካሉት ከቄስ ኪዳነ ማርያም ጋር ቃል ጨርሻለሁ። ልጃቸው ጨዋ ናት፤ እጇ እንደ ጥጥ።»

«ለማን ነው?» አለች ዘሪቱ፣ መልሱን እያወቀችው።

«ለአካልዬ ነዋ! ሌላ ማን አለኝ?»

ዘሪቱ የራሷን እጅ አየች። ጥቁር ቅባት ጥፍሮቿ ሥር ገብቷል፤ አይበሉባዋ ላይ የእሳት ፍንጣሪ ጠባሳ አለ። «እንኳን ደስ ያለዎት» አለች፤ ብርጭቆውንም በሁለት እጇ መለሰች።

በማግስቱ አካለ ወልድ ሲመጣ «እንደምን ዋሉ መምህር» አለችው።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ እንዳልሆነ ያወቀው በሦስተኛው ቀን ነው። «አስቀየምኩሽ?» ብሎ ጠየቃት። «ምንም አላደረጉኝም» አለችው። ለብየዳ ላሜራ ሲያቀርብላት እንኳ፣ «ይተውት፣ በድንጋይ አስደግፈዋለሁ» ትለዋለች። ዓይኗን ከሥራዋ ላይ አታነሳም። እሱም ከዚያ በላይ መጠየቅ ፈራ። ባለሙያ ናት፤ የየዕለቱ ወሬዬ ሰልችቷት ይሆናል ብሎ አሰበ።

ቤት ውስጥ ምግብ አልበላ ማለቷን አቶ ፈንታ ልብ አሉ። «ያ ሥራ ካስከፋሽ ተይው። ሌላ ሰው ይጨርሰው» አሏት።

«ጀምሬማ አልተወውም አባዬ።»

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሥራው ወደ ማለቁ ደረሰ። ሞተሩን አንድ የአባቷ ወዳጅ መካኒክ አስነሳው። የቀረው ከሥር ሬንጅ መቀባትና ቀለሙ ብቻ ነው። ያን ቀን ግን ዘሪቱ የቀኙን ወንበር አወጣች፤ መጀመሪያ ሰሞን የበየደችውን ወለል ደግማ ቆርጣ መጣል ጀመረች።

እትዬ ወለተ ኪዳን ከበረንዳው ወረዱ። «ምን እየሆንሽ ነው? ጨርሰሽው አልነበረም እንዴ?»

«ብየዳው ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ክፍተት አለው እትዬ።»

«ታዲያ ሬንጁ አይደፍነውም? ማን ያየዋል?»

«ማንም አያየውም» አለች ዘሪቱ፣ ቀና ሳትል። «ክረምት ሲመጣ ግን ውሃ ያስገባል። እዚህ ጋ የምትቀመጠው ሙሽራዋ ናት፤ እግሯ ይረጥባል።»

እትዬ ወለተ ኪዳን እንዝርታቸውን እንደያዙ ቆሙ። የልጅቱን ጎንበስ ያለ ማጅራት ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ፤ መፍተላቸውን ግን አልቀጠሉም።

አካለ ወልድ ከትምህርት ቤት እንደገባ ጠሩት። «አካልዬ፣ ና ወዲህ። አንቺም መነጽርሽን አውልቂና ነይ።»

ሁለቱም ፊታቸው ቆሙ።

«ለጥር ሙሽራ አጭቼልሃለሁ» አሉ። «የአምበሩን የቄስ ኪዳነ ማርያምን ልጅ።»

«የምን ሙሽራ?» አለ አካለ ወልድ። «ለኔ? መቼ?»

«ለገና ልነግርህ ነበር። ለዚህች ልጅ ግን ነገርኳት፤ ሆን ብዬ ነው የነገርኳት። እንድትሄድ ብዬ ነው። እሷ ደግሞ አልሄደችም። ለሙሽራዋ እግር ብላ ያለቀ ሥራ ቆርጣ ጣለች!» እንዝርታቸውን መሬት ላይ አኖሩ። «እኔ ብሆን ብሎን አላልቼ ነበር የምሰጣት። ማርያምን፣ አላልቼ ነበር።»

አካለ ወልድ ወደ ዘሪቱ ዞረ። እሷ ግን «ወለሉን ልጨርስ» ብላ ሮጥ ብላ መኪናዋ ሥር ገባች። መኪና ሥር መተኛት አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ፊት አያሳይም። እዚያ በጀርባዋ ተንጋላ እያለቀሰችም እየሳቀችም ቆየች።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ጎጃም ውስጥ ለቄስ ቤት የተሰጠ ቃል ዝም ተብሎ አይተውም። «ቃሉን የሰጡት እርስዎ ነዎት» አለ አካለ ወልድ አክስቱን። «ስንመልሰው ግን አብረን ነው።»

ቀለሟን ገና ያልተቀባችው ቮልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢ የወጣችው ለዚህ ነገር ነው። መንገድ ላይ ብትቆም የሚያውቅላት ስለሌለ ዘሪቱም መሄድ ነበረባት። እትዬ ወለተ ኪዳን ከፊት፣ ዘሪቱ ከኋላ የመፍቻ ቦርሳዋን ታቅፋ፣ አካለ ወልድ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ አምበር ደረሱ። ዘሪቱ ውጭ ከመኪናዋ ጋር ቀረች።

ቄስ ኪዳነ ማርያም እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። «ከሰርግ በኋላ ከምትመጡ ዛሬ መምጣታችሁ ይሻላል» አሉ። ስለ ልጃቸው የተሰማቸውን ሐፍረት ግን ከፊታቸው መደበቅ አልቻሉም። ምሳ አቀረቡላቸው፤ ይፍታችሁም አሉ። እስከ ደጅ ግን አልሸኟቸውም። እትዬ ወለተ ኪዳን መኪናዋ ውስጥ ገብተው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ። «የሚገባኝ ነው» አሉ።

ወደ ማርቆስ ሲመለሱ፣ አንድ ዳገት ላይ መኪናዋ ትንተፋተፍ ጀመረችና ቆመች። ዘሪቱ ወርዳ የኋላውን ክዳን ከፈተች። ከታንኩ የመጣ ዝገት የቤንዚን ቱቦውን ዘግቶት ነበር። ቱቦውን ነቅላ በአፏ እፍ አለችበት፤ የገባባትን ቤንዚንም ወደ ጎን ተፋች። በማሳው ላይ የስንዴ ነዶ ተከምሯል፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው።

አካለ ወልድ አጠገቧ ቆሞ መሐረቡን ሰጣት። ቃል የማይቸግረው ሰው ነበር፤ ያን ሰዓት ግን ሁለት ጊዜ ጀምሮ ተወው።

«ዘሪቱ» አለ በመጨረሻ። «ወደ አባትሽ ሽማግሌ ልልክ ነው። ከመላኬ በፊት ግን አንቺን ልጠይቅሽ። ልጆቹ ሳይጠየቁ ቃል ሲሰጥ ምን እንደሚከተል ዛሬ አይተናል።»

ቱቦውን ወደ ቦታው መልሳ አጠበቀች። እጇ ሥራውን ስለሚያውቀው ነው እንጂ ዓይኗ አላየውም።

«ሽማግሌዎቹ በምን ይመጣሉ?»

«በዚችው።»

«እንግዲያ ታንኩን ሳላጥበው እንዳትልካቸው» አለች። «መንገድ ላይ ቆመው ይቀሩብኛል።»

እስኪገባው ትንሽ ቆየ። ሲገባው ቅባት የነካውን እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«ምን አለች?» አሉ እትዬ ወለተ ኪዳን ከውስጥ።

«እሺ አለች!»

«ተመስገን። በሉ ግቡ፣ ብርዱ ሊገድለኝ ነው!»

በጥምቀት ማግስት ሦስት ሽማግሌዎች በቮልሷ ተጠጋግተው አቶ ፈንታ ደጅ ደረሱ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና አካለ ወልድ መሪው ላይ እንደተቀመጠ ውጭ ቀረ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው «አመጣጣችን» ብለው ሲጀምሩ፣ አቶ ፈንታ «አንድ ጊዜ ታገሡኝ» ብለው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

ዘሪቱ በጓዳው መስኮት ታያቸዋለች። አባቷ ወደ መኪናዋ ሄዱ። ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብለው የማያውቁት ሰው ቀስ ብለው ተንበረከኩ፤ እጃቸውን ከበሩ ሥር ሰደው ብየዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። አካለ ወልድ ደንግጦ ወረደና ክንዳቸውን ይዞ አስነሳቸው።

«አንተ ነህ ላሜራውን የያዝክላት?» አሉት።

«አዎ አባቴ። መጀመሪያ ላይ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

አቶ ፈንታ ልብሳቸውን አራገፉ። ቤት ውስጥ ሦስቱ ሽማግሌዎች ንግግራቸውን በአፋቸው ይዘው ቆመው እየጠበቋቸው ነው።

«ታዲያ ውጭ ምን ትሠራለህ?» አሉት። «ግባ እንጂ፤ ና፣ ግባ።»