አረንጓዴው የቆየባት አፍታ

ኢንስፔክተር አቻምየለሽ ቃሊቲ ካለው የክር ፋብሪካ ስትደርስ መካኒኩ ወልደገብርኤል፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሲጠግነው የነበረው ማሽን ድንገት ተነስቶበት ሞቷል። የፈረቃ ኃላፊው ዱጉማ በካቴና ታስሮ አጠገቡ ቆሟል። የሟች አበልጅ ነው፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳለት ወልደገብርኤል ነበር። ጠዋት ግን ተጨቃጭቀዋል። ወልደገብርኤል ማሽኑ ሙሉ ቀን ይቁም ሲል፣ ዱጉማ ከላይ ይቆጡናል ብሎ ነበር። ለማብሪያው ቅርብ የነበረውም ዱጉማ ብቻ ነው። የሚወስደው መኪና በር ላይ ይጠብቃል።

ኢንስፔክተሯ ማብሪያውን አየች። የሟች ኮት ተንጠልጥሎበታል። ሠራተኞቹን ብትጠይቅ፣ መካኒክ ማሽን ውስጥ ሲገባ ኮቱን እዚያ ይሰቅላል፤ እሱ ራሱ ካላነሳው ማንም ንክች አያደርገውም አሏት። የጥጥ ብናኝ ኮቱንም ማብሪያውንም አልብሷቸዋል። የጣት ምልክት የለም።

«ታዲያ በምን ተነሳ?»

የመለሰችላት የኮምፒውተር ባለሙያዋ ማህሌት ናት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ማሽኖቹ ፎቅ ላይ ካለው የሥራ አስኪያጁ ቢሮም ይነሳሉ። እዚያ ያለው ስክሪን የሚሠራውን ማሽን አረንጓዴ፣ የቆመውን ቀይ አድርጎ ያሳያል፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም ያንኑ ያያል።

«ያለፈውንስ ያሳያል?»

«አያሳይም። የአሁኑን ብቻ ነው።»

ማህሌት በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ መሰላል ላይ ነበረች፤ መሰላሉን የያዘላት ዘበኛው ከሊል መሰከረ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ካሳሁን ጠዋቱን በሙሉ መጋዘን እንደነበሩ፣ ጩኸት ሰምተው እንደመጡ ተናገሩ። ከዚያ ወደ ዱጉማ እየጠቆሙ አማረሩ።

«ይሄ ሰው ሥራ አይወድም። ዛሬ እንኳ ሁሉም አረንጓዴ ከሆነ በኋላ ኃይል ቆርጦ መልሶ አቀላው።»

ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ ሁሉንም ማሽኑ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ኮቱ እንዳለ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ የተነሳው ከላይ ነው» አለች። «ዱጉማ ጩኸቱን እንደሰማ ግድግዳው ላይ ካለው ሌላ መቁረጫ ኃይል ቆረጠ፤ ማሽኑ የሠራው ለአፍታ ብቻ ነው። እዚህ ታች ያለ ሰው ድምፅ ይሰማል እንጂ ቀለም አያይም። ስክሪኑ ደግሞ ያለፈውን አያስቀምጥም። ሁሉም አረንጓዴ መሆኑን ሊያውቅ የሚችል በዚያች አፍታ ስክሪኑ ፊት የተቀመጠ ሰው ነው። እርስዎ መጋዘን ሆነው ከየት አዩት፣ አቶ ካሳሁን?»

ሰውየው ግንባራቸውን ዳበሱ።

«አንድ ቀይ ብቻ ነበር የቀረኝ። ዋናው መሥሪያ ቤት ከምሳ በፊት ያያል። ሰው ውስጡ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።»

«እሺ፣ አላሰቡም እንበል። ዱጉማ ሲታሰርስ?»

«የዛሬው ቀን ብቻ ይለፍልኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ካቴናው ከዱጉማ እጅ ወደ አቶ ካሳሁን እጅ ዞረ። ፖሊሶቹ ዱጉማን ቱሉ ዲምቱ ካለው ቤቱ ሊያደርሱት ቢሉ እንቢ አለ። የሟች ሚስት ያለምወርቅ ገዳዩ እሱ ነው መባሉን ሰምታለች።

«መጀመሪያ እሷ ትስማ፣ ኢንስፔክተር። እሷ ካልሰማች ምን ቤት አለኝ?»

ለቅሶው ድንኳን ሲደርሱ ዱጉማ ደጃፉ ላይ ቀረ። ኢንስፔክተሯ ገብታ፣ ጎንበስ ብላ በያለምወርቅ ጆሮ ነገረቻት። ሴትየዋ ቀና አለች። ዱጉማ እዚያው እንደቆመ ነው።

«አበልጄ» አለች፣ ከጎኗ ቦታ እየለቀቀችለት፤ «ምነው ቆምክ?»