ያልጠራ መዝገብ

አሥራ አራተኛዋ አመልካች፣ ከእርሷ እንደቀደሙት አሥራ ሦስቱ ሁሉ፣ ከክርኗ በላይ አካል አልነበራትም። ከብርሃን የተሠሩ ሁለት እጆች ብቻ በመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ተገለጡ፤ የመለኪያውን ብርጭቆ አንሥተውም ዱቄቱን መመዘን ጀመሩ። ፕሮፌሰር መርዕድ ወልደ ኪሮስ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ይመለከቱ ነበር። ከጎናቸው የተቀመጠችው የሰው ሀብት ባለሙያዋ አስካለ የአመልካቿን ተራ ቁጥር መዘገበችና ሰዓቷን አየች።

እጆቹ ግብረ አምሳል ይባላሉ። ማሽኑ አንድ ተመራማሪ በሥራ ዘመኑ የጻፈውን የቤተ ሙከራ መዝገብ በሙሉ ያነብብና ያ ሰው በሥራ ላይ እንዴት እንደሚያስብ፣ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያሳይ ምስል ይቀርጻል። ምስሉ የአንድ ዓመት ሥራ በአንድ ሰዓት ይጨርሳል። አመልካቾችን በአካል ጠርቶ መፈተን ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ፈተናው ለሁሉም አንድ ነበር፦ የማጣሪያ እንክብል ሠርቶ ለምን እንደሚሰነጠቅ ማግኘት። ከሻላ ሐይቅ ማዶ ያሉት መንደሮች የሚጠጡትን የጉድጓድ ውኃ ከፍሎራይድ የሚያጣሩት ነጫጭ እንክብሎች የሚመረቱት እዚሁ ሐይቁ ዳር ባለው ቤተ ሙከራ ነው። እንክብሎቹ አሥር ወር በትክክል ይሠራሉ፤ በአሥራ አንደኛው ግን ከፊሎቹ ይሰነጠቁና የያዙትን ፍሎራይድ ወደ ውኃው ይመልሱታል። የመንደሮቹ ሕፃናት ጥርስ እንደገና መበለዝ ጀምሯል። የዚህን ምክንያት የሚያገኝ የኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ለመቅጠር ማስታወቂያ ሲወጣ ይህ አራተኛው ነው። ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት የተመራጩ ስም ካልተላከ መደቡ ይታጠፋል፤ መደቡ ከታጠፈ ጥናቱ ይዘጋል።

አሥራ ሦስቱ ግብረ አምሳሎች አንድ መልስ ሰጥተው ነበር፦ «ጉድለት አልተገኘም።» የእነርሱ እንክብሎች ዓመቱን ሙሉ አንድም ስንጥቅ አላሳዩም።

«ምሳ እንውጣ እንጂ፣ ፕሮፌሰር። ይቺም ያው ናት» አለች አስካለ።

«ትጨርስ።»

«አሥራ ሦስት ጊዜ ‘ይጨርስ፣ ትጨርስ’ ብለዋል። እኔ ራሴ አሁን ቢሰጡኝ እንክብል መሥራት አያቅተኝም።»

እጆቹ ከማድረቂያው ያወጡት ትሪ ላይ የነበሩት እንክብሎች ገና ሲነኩ ፈርሰው ነበር። እጆቹ ለጥቂት ጊዜ ቆም አሉ፤ ፍርስራሹን ጠርገው፣ ዕቃውን አጥበው፣ እንደገና መመዘን ጀመሩ። እንደገና ፈረሰ። አሥራ አንድ ጊዜ ሠርተው አሥራ አንድ ጊዜ ፈረሰባቸው። በመጨረሻ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቀይ መብራት በራ፦ «የምስል ብልሽት። ውጤት አይያዝም።»

«ይኸው፣ ማሽኑ ራሱ ገላገለን» አለች አስካለ ቦርሳዋን እያነሣች።

ፕሮፌሰር መርዕድ ማሽኑን ፈተሹ፤ አልተበላሸም። ከዚያ ምስሉ የተቀረጸበትን መዝገብ ከፈቱ። የመዝገቡ ባለቤት ዶክተር ኩለኒ ደበላ ትባላለች። በሌላ ቤተ ሙከራ የተጻፈ ሰባት ጥራዝ ነው፤ አብዛኛው ገጽ የከሸፈ ሙከራ ነው። «ሐምሌ ዘጠኝ። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። እንክብሉ ፈረሰ። ምክንያቱን አላወቅሁም» ይላል አንዱ።

«መዝገቧን አላጠራችም» አሉ በዝግታ።

መዝገብ ማጥራት በሙያው ዘንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር። ተመራማሪው ቤተ ሙከራውን ሊለቅ ሲል ከአማካሪው ጋር አንድ ከሰዓት በኋላ ይቀመጣል፤ ያልተሳካው ሙከራ ሁሉ ይሰረዛል። የዕድገት ኮሚቴ የሚያየው ከተሞከረው ስንቱ እንደተሳካ ነውና። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው የሃያ ሁለት ተማሪዎችን መዝገብ እንዲህ አጥርተዋል፤ ሲጨርሱም የተማሪውን እጅ ጨብጠው «አሁን ንጹሕ ነህ» ይሉት ነበር።

ጥቂት አመነቱና በማሽኑ ላይ የገዛ ስማቸውን ጻፉ።

የመጡት እጆች ፈጣኖች ነበሩ፤ አልተንቀጠቀጡም፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቆም ብለው አላሰቡም። «ጉድለት አልተገኘም» አለ ማሽኑ።

«በዚህ እጅዎማ ሚኒስትር መሆን ነበረብዎት» አለች አስካለ።

«ይህ የእኔ እጅ አይደለም፣ አስካለ። የእኔ እጅ ስንት ነገር እንዳበላሸ እኔ አውቃለሁ።»

ይህን ሲናገሩ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት፣ እንክብሉ በተፈለሰፈ በሁለተኛው ክረምት፣ የአንድ ወር ሥራቸው ልክ እንደዚህ ፈርሶባቸው ነበር። በመስከረም ሁሉም ተስተካከለ፤ እሳቸውም ገጾቹን ሰረዙ።

«የተሰነጠቁት እንክብሎች መቼ የተመረቱ እንደሆኑ እስቲ እዪልኝ።»

አስካለ የስርጭት ሰነዱን ከፈተች። «ሐምሌ… ነሐሴ… ሐምሌ… ኧረ በሞትኩት! ሁሉም የክረምት ናቸው። እንዴት ማንም አላየውም?»

«ወቅት ለውጥ እንደማያመጣ ማሽኑ ነግሮናል። ማሽኑም ያነበበው እኛ ያጠራነውን ነው።»

ግን ይህ መድኃኒት አልነበረም። አየሩ ምን ያህል ሲረጥብ፣ ለስንት ቀን ሲቆይ የእንክብሉ ውስጡ እንደሚደክም የሚናገሩት ገጾች ጠፍተዋል። ለአሥር ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን ወደ ዶክተር ኩለኒ ደወሉ። ከወዲያ በኩል፣ ከምትሠራበት የሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ወፍጮ ይጮኻል።

«ፕሮፌሰር መርዕድ እባላለሁ፤ ከሻላ ቤተ ሙከራ ነው።»

«ምስልሽ ተበላሸ ሊሉኝ ከሆነ በጽሑፍ ይበቃኝ ነበር» አለች ኩለኒ። «ሰባተኛ ማመልከቻዬ ነው፤ ለምጄዋለሁ።»

«መዝገብዎን ለምን አላጠሩትም?»

«ጀግንነት እንዳይመስልዎት፤ ደክሞኝ ነው። የአራት ዓመት ሥራዬን አማካሪዬ ባሉኝ መንገድ ስቀንሰው የአንድ ወር ሥራ ብቻ ያላት ሴት ሆንኩ። ተውኩት።»

«ልቀጥርዎ ነው የደወልኩት።»

የወፍጮው ድምፅ ራቀ፤ በር ዘግታ መሆን አለበት። «እንግዲያው እኔም ልጠይቅ። በእናንተ ዘንድ እንክብሉ ስንት ጊዜ ፈረሰ?»

«አላውቅም። ሰርዘነዋል።»

«የሚያውቅ ሰው ማን ቀርቷል?»

«እኔ ብቻ።»

«እርስዎስ እስከ መቼ ይቆያሉ?»

«ጡረታዬን ጠይቄያለሁ። እኅቴ ፍቼ ላይ ክፍል አዘጋጅታልኛለች።»

«እንዲህ ከሆነ አልመጣም» አለች ኩለኒ። «የራሴን ክሽፈት ይዤ እመጣለሁ፤ የእናንተን ግን ከየት አመጣለሁ? ሁለት ዓመት ይቆዩ። እኔ ጠረጴዛው ላይ፣ እርስዎ ወንበሩ ላይ። ያስታወሱትን ይነግሩኛል፤ እጽፋለሁ።»

አስካለ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ «ፕሮፌሰር፣ ይቺ ልጅ እኮ እርስዎን እየቀጠረች ነው» አለች።

«ደክሞኛል፣ ልጄ» አሉ ፕሮፌሰሩ ወደ ስልኩ።

«እኔም» አለች ኩለኒ።

ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ፤ ለአስካለም ቅጹን እንድትሞላ በእጃቸው ምልክት ሰጧት።

«‘የግብረ አምሳል ውጤት’ በሚለው ላይ ምን ልሙላ? ባዶ አይቀበልም።»

«ዜሮ ጻፊ።»

«የጡረታውስ ማመልከቻ?»

«መልሺልኝ።»

ስሙ ተላከ። ኩለኒ ግን ስልኩን አልዘጋችም። «አሁኑኑ እንጀምር። ከዚያ ክረምት ምን ያስታውሳሉ?»

ፕሮፌሰር መርዕድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከተሳኩላቸው ሙከራዎች ቀንና ክብደት እንጂ ሌላ አልመጣላቸውም። ያ የፈረሰው ወር ግን ከነሽታው፣ ከነሰዉ መጣ።

«ጣሪያው ያፈስ ነበር» አሉ። «ጋሽ ይርጋ የሚባሉ ቴክኒሽያን ነበሩን። ከሚያፈሰው ሥር ጀሪካን ያስቀምጡና፣ ጠዋት ጠዋት ስንት ሊትር እንደሞላ ቆመው ይነግሩኝ ነበር፤ ‘ልጅ መርዕድ፣ ዛሬም ይኸን ያህል’ እያሉ። አንድ ቀን፣ ይህ ለምን ይጠቅመኛል ብዬ ተቆጣኋቸው። ከዚያ በኋላ አልነገሩኝም።»

«እስከዚያ ድረስ ስንት ስንት ይሉዎት ነበር?»

የፕሮፌሰሩ ከንፈር የሌላን ሰው ንግግር እንደሚከተል ይንቀሳቀስ ነበር።

«በመጀመሪያው ቀን ሰባት ሊትር» አሉ። «በሁለተኛው አሥራ አንድ። ጻፊ፣ ልጄ።»