ከዘርሁን ጀልባ ወለል ሥር

የዓሣ አስጋሪው የዘርሁን አስከሬን ከአሰንዳቦ ብዙም ሳይርቅ፣ በግልገል ጊቤ ግድብ ውሃ ዳር፣ በገዛ መረቡ ተጠልፎ ተገኘ። የአሉሚኒየም ጀልባው ከውሃ ሲወጣ ወለሉ ተበሳስቷል።

ማን እንደበሳው ማንም አልተጠራጠረም። ዘርሁንና ፈየራ በማስገሪያ ቦታ ሲጣሉ ከርመዋል። ፈየራ «ጀልባህን እበሳልሃለሁ!» ሲል ገበያው ሁሉ ሰምቷል። ታሰረ።

«ማሎ እህቴ፣ እባክሽ፣ አፌ ነው እንጂ እጄ አይደለም!»

ምክትል ኢንስፔክተር ሐዳሳ የእስር ክፍሉን በር ዘጋችበት። ከሆሳዕና ተዛውራ ከመጣች ጀምሮ ከተጠርጣሪ በቀር የሚያወራት ሰው እምብዛም የለም፤ ለማባበልም ትዕግሥት የላትም። ሄዳ ጀልባው ሥር ተንበረከከች።

በመሮ የተበሳ ብረት ጠርዙ ይታጠፋል። ይሄ ግን እንደ ወረቀት ሳስቶ ነጭ ዱቄት አውጥቷል።

በወለሉ ላይ የተነጠፈውን ጣውላ ፈልቅቃ አነሳች። ከሥሩ የመዳብ ሽቦ ተነጥፏል፤ እንዳይንሸራተት በሲባጎ ታስሯል።

ዘርሁን ዓሣውን እዚያው ጀልባው ላይ ጨው ይነሰንስበታል፤ ጨዋማው ውሃ ወለሉ ላይ ይተኛል። እዚያ ውስጥ መዳብና አሉሚኒየም ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ኬሚስትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ።

የወራት ሥራ ነው። ገበያ መሀል የሚጮህ ሰው ወራት አይጠብቅም።

ጅማ ሄዳ ጀልባውን የጠገነውን ሸኩርን አገኘችው።

«ጋሽ ሸኩር፣ መዳብ ጀልባውን እንደሚበላው ለማን ነገሩ?»

«ለዘርሁን ነዋ! አስጠንቅቄው ነበር፣ ወላሂ። ሚስቱም አብራው ነበረች።»

«ሰምታለች?»

«መስማት ብቻ? እሱ ስልኩን ይነካካል፣ እሷ ‹እስኪበሳ ስንት ጊዜ ይፈጃል?› ትለኛለች። እንዲህ ያለች ሚስት አገኘ ብዬ ቀናሁበት!»

ሐዳሳ የዘርሁን ሚስት የብርሃንነሽ ቤት ስትደርስ ለቀስተኛው ተበትኗል። ግቢው ውስጥ ባዶ ወንበሮች ብቻ ቀርተዋል። ጓሮ የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ወድቋል፤ የሞተሩ ሽቦ ከሆዱ ተጎልጉሎ ወጥቷል። ሐዳሳ ከጀልባው ያመጣችውን ሽቦ አጠገቡ አስቀመጠች፤ አንድ ዓይነት ነው።

ብርሃንነሽ አልካደችም።

«ጀልባው ትንሽ ትንሽ ያፈሳል፣ ይሰለቸውና ማስገሩን ይተወዋል ብዬ ነው። እዚህ ከመጣን ጀምሮ ውሎ አዳሩ ውሃ ላይ! ዘመድ የለኝ፣ ቋንቋውን አልችል። ከግድግዳ ጋር ነበር የማወራው።»

«መሀል ላይ እንደሚሰምጥ አላሰብሽም?»

«ዳር ላይ እያለ የሚበሳ ነበር የመሰለኝ።»

«ፈየራ ሲታሰርስ?»

«ብናገር ማን ደጄን ይረግጣል?»

ሐዳሳ ወደ ጣቢያው ደውላ ፈየራን እንዲፈቱት አዘዘች። ከዚያ «ተነሺ» አለቻት።

«እዚያ ብቻዬን ነው የምታስቀምጪኝ?»

«ሌሎች ሴቶች አሉ።»

ብርሃንነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ቀድማት ወጣች።